ቁንጫና መዥገር ከውሻና ከድመት ላይ፦ ያለ ኬሚካል ምን ይሠራል? (ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ)

የጠባሴዋ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለነው ደብረ ብርሃን ነው። አንድ የጥበቃ ውሻ፣ የሦስት ሳምንት ልጆች ያሏት ድመትና ስድስት ዶሮዎች አሉን፤ የበጎቹ ጋጥም ከወጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሳሎኑ ሲሚንቶ ነው፤ ወጥ ቤቱና የዶሮዎቹ ቆጥ ያለበት ክፍል ግን በእበት የሚለቀለቅ መሬት ነው። ቁንጫው ሰውን ጭምር እየበላ ነው።

የሚድህ ሕፃን ስላለ ለሰብል የሚረጨውንም ሆነ በግ የሚታጠብበትን መድኃኒት ወደ ቤት ማስገባት አንፈልግም። ሰው የሚመክረው እንዶድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት በምግብ፣ ላምባ በጨርቅ፣ አመድ ነው። የትኛው ነው በእውነት የሚሠራው? መጠኑስ? ድመቷ እያጠባች መታጠብ ትችላለች?

ሌላው፣ የውሻው የጆሮ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የማይዘል፣ ቡናማ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል ነገር ተደርድሯል። መዥገር ነው?

የጋጥ ሐኪም

እህቴ፣ ከዘረዘርሻቸው አንዱም ብቻውን አይገላግልሽም። እንስሳው ላይ የምታይው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው እንቁላልና እጭ ሆኖ ወለልና መኝታ ውስጥ ተቀምጧል። ሴቷ ቁንጫ ደም ከጠጣች በኋላ በቀን እስከ 40 ወይም 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ጸጉር ላይ አይጣበቅም፤ ውሻው በተኛበትና ራሱን ባራገፈበት ሁሉ ይወርዳል። የሚፈለፈለው እጭ አይናከስም። የሚበላው የትልልቆቹን ኩስ ነው፣ ኩሱም የደረቀ ደም ነው። ከብርሃን ስለሚሸሽ ስንጥቅ ውስጥ፣ ምንጣፍ ሥርና መደብ ጥግ ይገባል። ከዚያ ድር ፈትሎ፣ አቧራ ለብሶ፣ ከረጢት ውስጥ ይተኛል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከረጢቱን ሳሙናም ጭስም፣ የምትፈሪው ኬሚካልም እንኳ በደንብ አያልፈውም። ውስጡ ያለው ቁንጫ ንዝረትና የትንፋሽ ሙቀት እስኪሰማው ሳምንታት፣ ብርድ ባለበት ቤት ወራት ይጠብቃል። ተዘግቶ የከረመ ቤት የገባ ሰው እግሩ በቁንጫ የሚወረረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ውሻው፣ ድመቷ፣ መኝታው፣ ወለሉና ጋጡ በአንድ ቀን ይሠሩ። ዛሬ ውሻውን አጥበሽ ወለሉን ለሳምንት ካቆየሽው ልፋትሽ ከንቱ ነው።

መጀመሪያ ቁንጫ መሆኑን አረጋግጪ። ከጅራቱ ሥር ያለውን ጸጉር አበጥረሽ የወረደውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊው። ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተበተነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ጥቁር እንደሆነ ከቀረ ተራ ቆሻሻ ነው።

ማበጠሪያ፦ ለልጆች ቅማል የሚሸጠው፣ ጥርሱ የተቀራረበ የብረት ማበጠሪያ ይበቃል። በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ጨምሪ። ከአንገት ጀምረሽ ወደ ጅራት አበጥሪ፤ የጅራት ሥር፣ ብሽሽትና ብብት ላይ ቆየት በዪ። በእያንዳንዱ ምት ማበጠሪያውን ውሃው ውስጥ ንከሪው። ሳሙና የሌለው ውሃ ላይ ቁንጫ ተንሳፍፎ ዘሎ ይወጣል፤ ሳሙናው ነው የሚያሰጥመው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። ለድመት ከዚህ የተሻለ ደህና መንገድ የለም።

የውሻው ማጠቢያ፦ 2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጀርባ መጀመሩ ላይ ነው። ጀርባው ሲረጥብ ቁንጫው በሙሉ ወደ ጆሮና ወደ ዓይን ይሮጣል። መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን ወፍራም አረፋ አልብሺው፣ እንደ አጥር ይሆንብሻል። ከዚያ ወደ ኋላ እየወረድሽ እሺው። አረፋው ላዩ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ በደንብ ይለቅለቅ። ፊቱን በረጠበ ጨርቅና በማበጠሪያው ብቻ። ከሳምንት አንዴ በላይ አትጠቢው፤ የልብስ ሳሙና ደግሞ ቆዳውን ስለሚያደርቅ ይቅር። በደብረ ብርሃን ብርድ ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ ካልሆነ አይታጠብ።

እናት ድመቷን አትጠቢ፤ አበጥሪያት። የሦስት ሳምንት ልጆች ደግሞ ውሃ ውስጥ አይገቡም። ሙቀታቸውን መጠበቅ ስለማይችሉ ከቁንጫው በፊት ብርዱ ይገድላቸዋል። አንድ በአንድ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠርጊ፣ አበጥሪ፣ ወዲያው አድርቀሽ አዲስ ጨርቅ ላይ አኑሪ። የድሮው መኝታቸው እዚያው ሰዓት ከቤት ይውጣ። ከንፈራቸውን ገልጠሽ ድዳቸውን እዪ። ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ወይም የገረጣ ከሆነ ቁንጫው ደማቸውን ጨርሶታል፤ ያን ጊዜ የቤት ዘዴ ይቁምና በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ።

የጆሮ ጠርዝ ላይ ያለው ከገለጻሽ የዶሮ ቁንጫ ይመስላል። ይሄኛው አፉን ቆዳው ውስጥ ሰክቶ ይቀመጣል እንጂ አይዘልም። በዶሮዎቹ ኩክኔና በዓይናቸው ዙሪያ ተመሳሳዩን ታገኛለሽ። ክምችቱ ላይ ወፈር አድርገሽ ቫዝሊን ቀቢ፣ ታፍኖ ይሞታል። በማግሥቱ በወረንጦ አንሺው። ቆጡ ከወጥ ቤት ካልወጣ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሞላሌ

ሐኪሙ ስለ እንስሳው ጨርሷል፣ እኔ ስለ ቤቱ ልጨምር።

የመሬት ወለል ላይ የእጩ መኖሪያ ስንጥቁ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ መደቡ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ከዚያ ጥግ ጥጉን፣ ከግድግዳው ሥር፣ ከመደቡ ሥር፣ ከምድጃው ጀርባ ጠረጋ። ጥራጊው ደጅ አይደፋ፤ ይቃጠል፣ ወይም በማዳበሪያ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይዋል። ከዚያ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ በግድግዳው ሥርና በስንጥቁ ሁሉ ላይ ቀስ እያለ ይፍሰስ። ለብ ያለ ውሃ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ እጩ እርጥበት ይወዳል፣ አየሩ ከደረቀ ግን ይሞታል። ወለሉ በደንብ ሲደርቅ በወንፊት የተነፋ ደረቅ አመድ ስንጥቁ ውስጥ በመጥረጊያ ይግባ፤ በላዩ አዲስ እበት ይለቅለቅ። ልቅለቃው ቀጭን ይሁን፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። በወፍራሙ ካፈሰስሽው ሲደርቅ ይሰነጠቅና ለቁንጫው አዲስ ቤት ሠራሽለት ማለት ነው። ክረምት ላይ ስለማይደርቅ ልቅለቃውን ትተሽ ፈላ ውሃውንና ጠረጋውን ብቻ ቀጥዪ።

አመድ እንስሳው ላይ አይነስነስ። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ድመትም ትልሰዋለች። ሕፃኑ በሚድህበት ወለል ላይም ክፍት ሆኖ አይቀመጥ። ለዶሮዎቹ ግን ደግ ነው። ደረቅ አፈርና አመድ እኩል በእኩል በሰፊ ሣጥን ውስጥ አድርጊላቸው፣ ራሳቸው ይታጠቡበታል።

መኝታ ላይ ሰው የሚሰንፈው በባናና በአጎዛ ነው። ጥጥ የሆነው አንሶላ ይቀቀላል፤ 60 ዲግሪ ያለፈ ውሃ እንቁላሉንም እጩንም ትልቁንም ይጨርሳል። ባና ግን ከተቀቀለ ተኮማትሮ ለልጅ ይሆናል፣ አጎዛና ጀንዲም ይደርቃሉ። ለእነዚህ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ገዝተሽ እያንዳንዱን ለብቻው አስገቢ፣ አፉን እሰሪ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይዋል። 6 ሰዓት ላይ ገልብጪው፤ መሐሉ ሳይሞቅ ከቀረ ትርፉ ድካም ነው። ሦስት ፀሐያማ ቀን ተከታታይ ያስፈልጋል። ከዚያ አውጥቶ በዱላ መደብደብ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ይረዳል፣ ግን አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ተከታታይ ሌሊቶች ይደር።

እንዶድን ለጨርቅ ተጠቀሚበት። ደረቅ ፍሬው ተወቅጦ፣ አንድ እፍኝ በ3 ሊትር ውሃ ሲዘፈዘፍ የሚሰጠው አረፋ የውሻውን ጨርቅና ጆንያ ለማጠብ ጥሩ ነው። ከሳሙና የበለጠ ቁንጫ የመግደል ኃይል ግን የለውም፤ የሚያደርገው ሳሙናው የሚያደርገውን ነው። እንስሳው ላይ አልመክርም፣ ዓይን ክፉኛ ይለበልባል፣ ሲላስም ሆድ ይረብሻል። እጣቢው ወደ በረሳ ወይም ወደ ሌላ ወንዝ አይደፋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፦ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው መገኘታቸውን። ቀንድ አውጣን የገደለ ዓሣም ይገድላል።

ይፋት ነኝ

ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል፤ ላምባ በጨርቅ ነክሮ ውሻውን ማሸት ነው። ቁንጫው ወዲያው ይራገፋል።

የጋጥ ሐኪም

ይራገፋል፣ ልክ ነህ። ከእሱ ጋር የውሻው ቆዳም ይላጣል። ላምባውን ሲልስ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል፣ ለዚህ ማርከሻ የለም። እሳት በሚነድበት ወጥ ቤት ውስጥ ላምባ የለበሰ ውሻ ሲዞር ደግሞ አስበው።

እግረ መንገዴን የሌሎቹንም ልጨርስ።

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት፦ በጥሬም በበሰለም የውሻና የድመት ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ድመት በጥቂቱ ትጎዳለች። በቁንጫ ደሟ ያነሰን እናት ድመት በሽንኩርት ማከም መጨረስ ነው። ወጥ የነካው ትርፍራፊም እዚሁ ይገባል።

ጤና አዳም፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲነካው ያቃጥላል፣ ውኃ ያቋጥራል። አይቀባ።

ባሕር ዛፍ፦ ደረቅ ቅጠሉ በውሻው መኝታ ሥር ቢነጠፍ አይጎዳም፣ ትንሽ ያሸሽ ይሆናል፣ አይገድልም። ዘይቱ ግን ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት እነዚህን ሽታ ያላቸው ዘይቶች መፍጨት አይችልም፤ የሎሚ ልጣጭ ዘይትም እንዲሁ።

ትንባሆ፦ የተዘፈዘፈበት ውሃ በቆዳ ገብቶ ይገድላል። አለቀ።

ኮምጣጤ፦ ሽታ ብቻ።

ወገርትና ወይራ ማጠን፦ ቤቱን ያሸታል፣ ከረጢት ውስጥ ያለውን ቁንጫ አይነካም።

«የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ከአበባ የሚወጣው ፓይረትረም ትንሽ የተለየ ነው፤ በእውነት ይገድላል። ችግሩ በአምሳያው በፋብሪካ የሚሠራው ፐርሜትሪን በብዙ የውሻ ዱቄትና ሻምፖ ውስጥ መኖሩ ነው፤ እሱ ድመትን በመንቀጥቀጥ ይገድላል። የውሻ የሆነ ዕቃ ድመት ላይ በምንም ምክንያት አይነካ። በስሕተት ከነካ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ ወዲያው አጥቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ክሊኒክ መሮጥ ነው።

በግ የሚታጠብበትን ዳያዚኖን ውሻ ላይ የሚያፈሱ አሉ። ምራቅ መዝረክረክ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ካየሽ መመረዝ ነው። የበግ አይቨርሜክቲን መርፌም ለቁንጫ አይሠራም፤ ያንን ወግቶ «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» የሚል ብዙ ነው።

ቆላ ወርዶ

ስለ መዥገር ያነሳ ስለሌለ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በኩል ጣጣው ከቁንጫ ይልቅ መዥገር ነው፤ ደጋም ቢሆን በክረምት ግጦሽ ላይ የዋለ ውሻ ይዞ ይገባል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መሥራት አይቻልም። ቁንጫ ወለል ላይ ነው፤ ቡናማው የውሻ መዥገር ግን ግድግዳ ይወጣል። ደም ጠጥታ የጠገበችው ሴት ከውሻው ወርዳ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ወይም በበሩ መቃን ሥር ገብታ፣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች። ትንንሾቹ ሳይበሉ ወራት ይቆያሉ። ስለዚህ የውሻው ቤት ግድግዳ ጭቃ ከሆነ ጭድ በገባበት ጭቃ ስንጥቁ ይመረግ፣ ሲደርቅ ኖራ ይቀባ። ልስኑን ከወገብ በታች ብቻ ማድረግ ጥቅም የለውም፤ ጣሪያው ድረስ ነው የሚሄዱት። ከድንጋይ ካብ የተሠራ የውሻ ቤት ለመዥገር ሆቴል ነው፤ ከተቻለ ውሻው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ባለ የጣውላ ርብራብ ላይ ይደር፣ ርብራቡ ከግድግዳ ይራቅ።

አወጣጥ፦ ውሻው ከደጅ በገባ ቁጥር በየቀኑ ይፈተሽ። የጆሮ ውስጥና ጠርዝ፣ የአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የጅራት ሥር፣ የጣቶቹ መሐል። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል፣ መዥገሩ ግን እዚያም ይደበቃል። ሹል ወረንጦ ያዝ፣ ሆዱን ሳይሆን አፉ ቆዳው ላይ የገባበትን ቦታ ያዘው፣ ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳብ። ክብሪት ማስጠጋት፣ ቅቤ ወይም ላምባ መቀባት አይሁን፤ ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ ይተፋል። ደም የሞላውን በጣት አታፍርጥ፤ አልኮል ወይም የሳሙና ውሃ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጣለው። ቁስሉ በሳሙና ይታጠብ። አፉ ቢሰበር አትቆፍር፣ ቆዳው ራሱ ያወጣዋል።

ቆላ ላይ ኒም የሚባል ዛፍ አለ። ቅጠሉ ደካማ ነው፣ ፍሬው ነው ኃይሉ። የደረቀ ፍሬ ልጣጩ ተልጦ፣ ውስጡ ተወቅጦ፣ 50 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ ጠዋት በነጠላ ተጠልሎ ትንሽ ላርጎ ይንጠብበት። አይፈላ፣ ሙቀት ኃይሉን ይወስደዋል። ፀሐይም በቀናት ውስጥ ስለሚያጠፋው በዚያው ቀን ተጠቀም። በውሻው ቤት ግድግዳና ርብራብ ላይ፣ በውሻው እግርና ሆድ ላይ ይረጫል፤ ፊት ላይ አይደርስም። ያሸሻል፣ እድገቱንም ያዛባል እንጂ የተጣበቀውን አይገድልም። ለድመትና ለነፍሰ ጡር እንስሳ አይሆንም።

ዶሮ መዥገር ትለቅማለች ይባላል፣ ከግቢ ትለቅማለች። ግን የዶሮ ቁንጫ ይዛ ከገባች ምን ተረፈ።

የጠባሴዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ አድርገን በሦስተኛው ሳምንት ቁንጫው ቢመለስ ዘዴው አልሠራም ማለት ነው? ጋጡንስ ምን እናድርገው?

የጋጥ ሐኪም

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ የምታይው ከረጢት ውስጥ የነበረው ሲወጣ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ ማላታዮን ወደሚባለው ፀረ ተባይ የሚሄደው። እንዲያውም በየቀኑ መጥረግና መርገጥ ቶሎ እንዲወጡ ያነቃቸዋል፤ የወጣው ደግሞ ማበጠሪያና ሳሙና ይበቃዋል። ሳይቋረጥ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። መቀነሱን ለማየት ማታ ወለሉ ላይ ዝርግ ሳህን አስቀምጪ፣ ውሃና ጥቂት ላርጎ ይኑርበት፣ አጠገቡ የፀሐይ ኃይል አምፖል ይብራ። ኩራዝ አታስቀምጪ፣ ድመትና ሕፃን አለ። ቁንጫው ወደ ብርሃኑ ዘሎ ይሰምጣል። ይህ መቁጠሪያ እንጂ ማጥፊያ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ጻፊ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ካልወረደ አንድ ያልተነካ ምንጭ አለ ማለት ነው፣ ባንቺ ቤት የምጠረጥረው ጋጡን ነው።

የድመት ቁንጫ ሲበዛ ግልገሎችንና የፍየል ልጆችንም ይበላል። ጋጡ ውስጥ ድመቷ የምትተኛበት ጥግ ካለ ከዚያ ጀምሪ። ፍጉን እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ ዛቂ፣ ከግቢ አርቀሽ ከምሪ፤ ክምሩ ሲብላላ የሚፈጥረው ሙቀት መሐል ያለውን ይገድላል፣ ስለዚህ በሳምንቱ የውጪውን ወደ ውስጥ ገልብጪው። አዲስ ጭድ ከመነጠፉ በፊት ወለሉ ሁለት ቀን ይድረቅ። በበግ ሱፍ ውስጥ የምታይው ክንፍ የሌለው ትልቅ ደም መጣጭ ሌላ ነገር ነው፣ መኖሪያው በግ ነው፤ ከዚህ ጋር አታያይዢው።

ጅራት ሥር ወይም መኝታው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካየሽ የኮሶ ትል ነው፤ ውሻው ቁንጫ ሲውጥ ነው የሚይዘው፤ ሕፃንም ቁንጫ ከዋጠ ሊይዘው ይችላል። ለእንስሳቱ ፕራዚኳንቴል በክብደታቸው ልክ ከክሊኒክ። ኮሶ አትስጪያቸው፤ ሰውን እንኳ መጠኑ ካለፈ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ሞላሌ

ቆጡ የት ይሂድ ካልሽ፣ ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ይሁን። ወለሉ በሳምንት አንዴ የሚጠረግ፣ መሰላሉ ተነቅሎ ፀሐይ ላይ የሚዋል። በጭቃ የተመረገ መሰላል አታድርጊ፣ ልሙጥ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሻላል።

የጋጥ ሐኪም

አንድ የቀረኝ። የድመቷ ልጆች ከ8 ሳምንት ሲያልፉና ማበጠሩ ካልበቃ፣ ለድመት ተብሎ የተሠራ በማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ ፊፕሮኒል አለ። ኬሚካል ነው፣ ግን ወለል ላይ ከሚረጭ ነገር ለሕፃኑ የራቀ ነው፤ እስኪደርቅ ድረስ ድመቷን እንዳይነካት ብቻ። ማሸጊያው ላይ የድመት ሥዕልና ክብደት ተጽፎ ካላየሽ አትግዢው፤ የትልቅ ውሻውን ከፍሎ ለድመት የሚሸጥ ካጋጠመሽም ተመለሺ።